አበደች ከማለታችሁ በፊት

አድሚን እባክሽ አፅድቂልኝ።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ከማዳሟ ጋር ተጣልታ ፖሊስ ወሰዳት ተብሎ ሲፖሰት ኮሜንቱን አነበብኩ። «አብዳ ነው»፣ «ምን ጎደለባት»፣ «ስማችንን አጠፋችው»። የፃፍነው እኮ እኛው ነን! ልጅቷን የጠየቀ የለም።

እኔ ከአስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ልብስ ስተኩስ ዩቲዩብ ላይ ታሪክ አዳምጣለሁ። በፈረንጆቹ 1859 ጥቅምት ላይ ጆን ብራውን የሚባል አሜሪካዊ ባርነትን በመሳሪያ አጠፋለሁ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃርፐርስ ፌሪ የሚባል ከተማ ገብቶ የመንግስትን የመሳሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። የተከተሉት 21 ሰዎች ነበሩ፣ 5ቱ ጥቁሮች። ጋዜጦቹስ ምን አሉ? በቴሌግራም የመጣውን ወሬ ሳያጣሩ አተሙት። በመቶዎች ናቸው ተባለ፣ የጥቁሮች አመፅ ነው ተባለ፣ ደሞዝ ያልተከፈላቸው የግድብ ሰራተኞች ናቸውም ተባለ። ቆይቶ ደግሞ «እብድ ነው»። ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች ጋዜጣ ሳይቀር እብደት አለው።

ከሞቱት አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ነው። እሱ ነፃ ወጥቷል፣ ሚስቱና ልጆቹ ግን አልወጡም። ሳልሸጥ ድረስልኝ እያለች የፃፈችለት ደብዳቤዎች ከሞተ በኋላ ተገኙ። ይሄ እብደት ነው?

ጠመንጃ እያወደስኩ አይደለም። የብራውን ሰዎች መጀመሪያ የመቱት ራሱ ነፃ የሆነ ጥቁር የባቡር ሰራተኛ ነው። እኛና እነሱም አንድ ነን አልልም። እኛ በፓስፖርታችን ነው የመጣነው፣ ፓስፖርቱ ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ቢቆለፍበትም። እኔ የምለው ስለ ወሬው ነው። አምና የሁለት ወር ደሞዜን ስጠይቅ «መጅኑና» ተብያለሁ። ያን ቀን ፖሊስ ቢጠራብኝ እናንተም እብድ ትሉኝ ነበር።

ከ5ቱ ጥቁሮች በህይወት ያመለጠው ኦዝቦርን አንደርሰን ብቻ ነው። ጋዜጣው በባርነት ያሉት ፈርተው አልተነሱም ሲል፣ እሱ በ1861 ያየውን ራሱ ፅፎ አሳተመ፤ የተነሱ ነበሩ አለ።

እና እህቶቼ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። ደሞዟ ተከፍሏታል? ስልኳ ማን ጋ ነው? ስንት ሰአት ትተኛለች? መልሱን ካላወቃችሁ ዝም በሉ። የምታውቁ ደግሞ ፃፉ፣ እኛ ካልፃፍን ማዳም ናት የምትፅፍልን።

ለፊደል ስህተቱ ይቅርታ፣ ተደብቄ ነው የፃፍኩት።