አዎን፣ ጨርሻለሁ

ሰው ስለ እስትንፋሱ ይዋሻል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሆዴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ በተኛሁበት ሰሞን ግን እኔው ዋሸሁ።

አልጋዬ አጠገብ አንዲት የፕላስቲክ መሣሪያ ተቀምጣለች። በቱቦዋ አየር ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሲስቡ በውስጧ ያለችው ፒስተን ሽቅብ ትወጣለች፤ ከዚያ ትንፋሽን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው። ትእዛዙ ነቅቼ ባለሁበት በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ እንድስብ ነበር። ማደንዘዣውና የቁስሉ ሕመም ትንፋሽን ያሳጥራሉ፤ ሳንባ እስከ ታች ካልተነፋ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶቹ ይኮማተራሉ፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። ይህ ሁሉ ተነግሮኛል፤ ገብቶኛልም። ነገር ግን በሳብኩ ቁጥር ስፌቱ የሚተረተር ይመስለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የዚህን ሰዓት ጨረሱ?» ትለኛለች ሲስተር።

«አዎን፣ ጨርሻለሁ።»

እርሷ ትጽፋለች፤ እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ሐኪሙ መዝገቡን አገላብጦ «ልምምዱንስ አላጓደሉም» አለና ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ ጀመር። ያን ጊዜ ውሸቴ ሐኪሜንም እንዳሳተ ተረዳሁ፤ አፍሬም እውነቱን ተናገርኩ።

ስለዚህ በመሣሪያዋ ላይ ቆጣሪና ደወል መገጠሙን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 160 ሕሙማን ለሁለት ከፈለ። የሁሉም ትንፋሽ ይቆጠራል፤ ደወሉ የሚጮኸው ግን ለአንደኛው ወገን ብቻ ነው። ደወል የሚሰሙት በቀን የሳቡት ትንፋሽ የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆነ።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ መሣሪያዋ ከላይኛው የሆድ ክፍል ቀዶ ሕክምና በኋላ የሳንባን ችግር ስለ መከላከሏ በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ከእነዚያ ሕሙማን መካከል እንደ እኔ «አዎን» እያለ ያስጻፈው ስንቱ ይሆን? ሳይቆጠር የቀረ ነገር ጠቀመ ወይም አልጠቀመ ማለት ያስቸግራል።

«ሰው በእስትንፋሱ ሊሰለል ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ቆጣሪው ስንት ጊዜ እንደ ሳብኩ ያውቃል፤ ለምን እንዳቆምኩ ግን አያውቅም። ያን የጠየቀችኝ ሲስተር ናት። እውነቱን በነገርኳት ጊዜ አልተቆጣችም፤ ከልምምዱ አስቀድማ ማስታገሻ ሰጠችኝ፤ ቁስሌን የምደግፍበት ትራስም አስታቀፈችኝ። ያን ቀን አሥሩን ጨረስኩ።

ቆጣሪው ይምጣ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ጊዜ ግን ትራሱን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጥፋ።