«ሲስተም የለም»

አይሻ ላይ ነፋስ አለ፤ ፀሐይ አለ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። የነፋስ ተርባይኖችም ቆመውላታል። የሌላት ሲስተም ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ወደዚያው ጎራ ብለን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም (ለነገሩ የማንን ጠርተን የማንን እንተዋለን?)። መስኮቱ ፊት ከኛ ቀድመው የቆሙት እናት ከገጠር የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው አንዲት ወረቀት ማሳተም ነው። «ሆዮ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ተባሉ። አዲስ አበባ እንዲህ ስንባል ተነጫንጨን ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ እንሄዳለን። ለአይሻ እናት «የሚቀጥለው ቅርንጫፍ» ደወሌ ወይም ድሬዳዋ ነው። «ነገ» ማለት ደግሞ ሌላ የግማሽ ቀን መንገድና ሌላ የመኪና ሒሳብ ነው።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ያስለመደን አመል አልለቀን ብሎ የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ «ሲስተሙ የት ሄደ?» አልነው። መልሱ ፈጣን ነበር። «ሰርቨሩ ዊንዶውስ ስለሆነ ነው። ሊኑክስ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም!» ማታ ሻይ ቤት ያገኘነው የሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ደግሞ የነሱ ሰርቨር ሊኑክስ መሆኑን፣ ሲቆም የሚያስነሳው ሰው ከጅግጅጋ እስኪመጣ እንደሚጠበቅ አጫወተን። «ዊንዶውስ ቢሆን እኮ እኔው አስነሳው ነበር!»

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። የጊዮርጊስና የቡና ነገር ነው። ቲፎዞው ይጯጯኻል፤ እናትየው ግን ወረቀታቸውን አላገኙም። እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ይህ ክርክር የስንፍና መሸፈኛ ሆኗል።

ልዩነት የለም አላልንም። አለ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ተገልጋይ ለብቻው አንድ ፕሮሰስ ይከፍታል፤ ፕሮሰስ መክፈት ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ከሊኑክስ ይበልጥ ይከብዳል። እናም ብዙ ሰው እየገባ ቶሎ ቶሎ በሚወጣበት ቦታ ሊኑክስ ይፈጥናል። ነገር ግን የተከፈቱትን መስመሮች ሳይዘጉ ለሚቀጥለው ሰው በማዋል ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ኤስኪውኤል ሰርቨርን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሊኑክስም አቅርቧል። ባለቤቱ ከሁለቱም ጋር ታርቆ ሲኖር ቲፎዞው ለምን ይጣላል?

«ሊኑክስ አይጠቃም፣ ዊንዶውስ ወንፊት ነው» ለሚሉን ደግሞ ሁለት ታሪክ እንንገራቸው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2003 ስላመር የተባለ 376 ባይት ብቻ የሆነ ትል የማይክሮሶፍትን ዳታቤዝ ሰርቨሮች አጠቃ። ለጥቃቱ ከተጋለጡት 90 በመቶ ያህሉን ለመድረስ የፈጀበት 10 ደቂቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሳይቀሩ ቆሙ። ዊንዶውስ ጉድ ሠራን ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ስሙ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር። የጫነው ጠፋ እንጂ ማስተካከያው ነበረ።

ሁለተኛው፦ እ.ኤ.አ. ጥር 2017 በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞንጎዲቢ የተባሉ ዳታቤዞች ባዶ ተደርገው «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ማስታወሻ ተቀመጠባቸው። ሊኑክስ ላይ መተከል አላዳናቸውም። ሌቦቹ ቁልፍ አልሰበሩም። ባለቤቶቹ ዳታቤዙን ያለ ፓስወርድ ለኢንተርኔት ከፍተው ትተውት ነበርና ገፋ አድርገው ገቡ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 2016 አንድ አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩትን ማንም አልረሳውም። ባንኩ ወጥቷል ያለው ገንዘብ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን ባንኩ ራሱ ተናገረ። ጠላት አልመጣም፤ እኛው ነበርን።

የኛ ሰርቨር ክፍሎች ገመናም ይታወቃል። ፓስወርዱ አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሲረሳ እንዳይቸግር ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል። ዊንዶውሱ «ክራክ» የተደረገ ነው፤ ክራኩ እንዳይነቃበት ተብሎ አፕዴት ተዘግቷል። (ከሁሉም የከፋው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሳይሆን የተሰረቀው ነው።) ባክአፕ «አለ» ይባላል፤ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ተመልሶ ሲሠራ ያየ ሰው የለም።

ፍጥነትን በተመለከተ ደግሞ የባሰ አለ። ደህና ዳታቤዝ «መዝግቤያለሁ» ከማለቱ በፊት ጽሑፉ ዲስኩ ላይ በትክክል መስፈሩን ያረጋግጣል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። «ሰርቨሩ ዘገየ» ሲባል አንዳንድ ብልጥ ማረጋገጫውን ያጠፋዋል። እውነትም ይፈጥናል! መብራት እስኪጠፋ ድረስ። መብራት ሲጠፋ ዲስክ ላይ ያልደረሰው መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ አንዳንዴም የተረፈው ይበላሻል። መብራት እንደ እንግዳ በሚመጣበትና በሚሄድበት አገር ይህ ፍጥነት አይደለም፤ ቁማር ነው። ቁማሩ ደግሞ በሆዮ ወረቀት ነው።

ነገሩ ከወረቀትም አልፏል። በፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ሰጥተናል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ በምን ይቀየራል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታችንን የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ሕጉ ዊንዶውስም ሊኑክስም አላለም። ጠብቁ ነው ያለው።

አሁን የመጨረሻዋን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ባለሙያ የዳታቤዙን ፍጥነት እየለካ ሳለ ሊኑክስ ኮምፒውተሩ ሲገባበት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ ታዘበ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ይተወው ነበር፤ እሱ ግን «ለምን?» አለ። ነገሩን ሲከታተል ኤክስዚ በተባለ ብዙ ሊኑክሶች በሚጠቀሙበት ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ሳይታይ ቢያልፍ የዓለም ሰርቨሮች ጉድ ይፈላባቸው ነበር። ሰውየው የት ነበር የሚሠራው? ማይክሮሶፍት! የዊንዶውስ ጌታ ተቀጣሪ ሊኑክስን አተረፈ። ቲፎዞዎች፣ ይቺን ምን ትሏታላችሁ?

እሱ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይበት ጠየቀ። እኛ ግማሽ ቀን ቆመን «እሺ፣ ነገ» ብለን እንሄዳለን።

«ሲስተም የለም» ስንት ነገር እንደሚሸፍን አስቡት። መብራት የለም፣ መስመር የለም፣ ሰርቨሩ ወድቋል፣ ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰው ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይም ደግሞ ሰውየው ምሳ ሄዷል። ሁሉም በአንድ ክዳን ይከደናል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን «ሰርቨራችሁ ምንድን ነው?» ብለን አንጠይቅም። ሦስት ጥያቄ ይበቃናል፦ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ፓስወርዱ በማን እጅ ነው? ባክአፑ ተመልሶ ሲሠራ ያያችሁት መቼ ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው በፈለገው ይጠቀም፤ መልስ የሌለውን የትኛውም አያድነውም።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ፊት ቆማችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። «ምኑ ነው የሌለው?» በሉ። አይሻ ላይ የቆሙት እናት ይህን ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም እየበረታ ነው።