የሰው ወርቅ ያደምቃልን?

ስለ አውስትራልያውያን እግር ኳስ በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ወንድም ወይም እኅት እንደሚኖር እናውቃለን። ጨዋታው ከእኛ ሜዳ እጅግ የራቀ ነው፤ ኳሱም ክብ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ አገር የውድድሩ ዘመን ባለቀ ቁጥር የሚነሣው ክርክር ለማንኛውም ወጣት የሚሆን ቁም ነገር አለው። ይኸውም፦ አንድ ክለብ መልምሎ፣ ቀልቦና አሠልጥኖ ለወግ ለማዕረግ ያደረሰውን የሃያ ዓመት ልጅ ተቀናቃኙ ክለብ መጥቶ «ና ወደኔ» ቢለውና ልጁም ቢሄድ ጥፋቱ የማን ነው? የጠሪው ነው? የሄያጁ ነው? ወይስ ልጁን ከመጀመሪያው ሳይጠይቅ የመደበው ሕግ ነው? ብዙ ሰው አንደኛውን ወይም ሁለተኛውን ይከስሳል። እኛ የምንከስሰው ሦስተኛውን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል እንበል። ሜልበርን ከተማ በ1858 ተጀምሮ በ1859 ደንቡ የተጻፈለት ይህ ጨዋታ የሚካሄደው እንቁላል በሚመስል ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። በየወገኑ 18 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሷ በእግር ትመታለች፤ በአንድ እጅ ተይዛም በሌላው እጅ ጡጫ ትቀበላለች። በየጫፉ አራት ምሰሶ ተተክሏል፤ በሁለቱ መካከለኞች መሐል በእግር ተመትታ ያለፈች 6 ነጥብ፣ ወደ ዳር ወጣ ብላ ያለፈች 1 ነጥብ ታስገኛለች። ጎሉን የሚያገባው አጥቂው ይሁን እንጂ ጨዋታውን የሚይዘው የመሐል ተጫዋች ነው። ዳኛው ኳሷን ሲያነሣት ረጃጅሞቹ ዘለው ይሻሟታል፤ ከእነርሱ እጅ ያመለጠችውን ለቅሞ ከግርግሩ የሚያወጣት፣ በአንድ ጨዋታም 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሮጠው እርሱ ነው። ዳኞች በሚሰጡት ድምፅ ከ1924 ጀምሮ የሚታደለውን የብራውንሎ ሜዳልያ ብዙውን ጊዜ የሚወስዱት የመሐል ተጫዋቾች መሆናቸው አያስገርምም። መሐሉን ያጣ ክለብ የቱንም ያህል አጥቂ ቢኖረው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ተቀናቃኝ ክለቦች ዓይናቸውን የሚጥሉት በሃያና በሃያ ሁለት ዓመት መካከል ባለው የመሐል ተጫዋች ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ገና ግምት ነው፤ አጥንቱ አልጠናም፣ ትዕግሥቱም አልተፈተነም። ሁለት ሦስት ዓመት በሌላ ሰው ወጪ የሠለጠነው ግን ፍሬው ታይቷል፤ ከፊቱም ገና ዐሥር ዓመት አለው። ሌላው ያረሰውን ማጨድ የማይወድ ማን ነው?

ሕጉ እንዲህ ነው። ከ1986 ወዲህ ድራፍት የሚሉት የምርጫ ሥርዓት አለ፤ በሰንጠረዡ ግርጌ የቀረው ክለብ ከአገሩ ወጣቶች መካከል የሚፈልገውን አስቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮናው መጨረሻ ይመርጣል። በዚህም ላይ የደመወዝ ጣሪያ ተበጅቷል። ዓላማው ባለጸጋው ክለብ ሁሉን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ነው፤ ይህን ዓላማ እናከብራለን። ነገር ግን የአደላይድ ልጅ በዚህ ተራ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፐርዝ ሊመደብ ይችላል፤ እሺም እምቢም የሚልበት ቦታ የለውም። (ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም።) ተጫዋቹ በራሱ ፈቃድ ክለብ የመለወጥ መብት የተሰጠው ገና በ2012 ሲሆን፣ እርሱም በአንድ ክለብ 8 ዓመት ላገለገለ ነው። የ20 ዓመቱ ልጅ እንግዲህ ሁለት ክለቦች ሲስማሙ ብቻ ይሸጋገራል፤ ካልተስማሙ እንደገና ወደ ምርጫው ተመልሶ ዕድሉን ይጠብቃል።

ከምርጫው ሥርዓት በፊት የነበረው ደግሞ የባሰ ነበር። ተጫዋቹ የክለቡ ንብረት ያህል ነበርና ክለቡ የመልቀቂያ ወረቀት ካልሰጠው ሌላ ቦታ አይጫወትም። ሳውዝ ሜልበርን የተባለው ክለብ በ1982 ወደ ሲድኒ ሲዛወር ሲልቪዮ ፎስኪኒ የሚባል ወጣት አልሄድም፣ ሴንት ኪልዳ ልጫወት አለ። ከለከሉት። ልጁ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የቪክቶርያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1983 የሊጉ ደንብ ሰውን ሠርቶ ከመብላት ያለ አግባብ የሚከለክል ነው ብሎ ፈረደለት። እኛ የዚህን ወጣት ስም ከብዙ ባለ ሜዳልያዎች ስም አስበልጠን እናስታውሰዋለን።

አሁን ወደ ከሳሾቹ እንምጣ። በ2021 በምርጫው አንደኛ ተብሎ በኖርዝ ሜልበርን የተወሰደው ጄሰን ሆርን ፍራንሲስ ከደቡብ አውስትራልያ የመጣ የ18 ዓመት የመሐል ተጫዋች ነበር። በ2022 ክለቡ የሰንጠረዡን ግርጌ ያዘ፤ አሠልጣኙም በዓመቱ መሐል ተለየ። ልጁ አንድ ዓመት ተጫውቶ፣ ውሉ ሌላ አንድ ዓመት እየቀረው፣ ወደ ትውልድ ምድሩ ወደ ፖርት አደላይድ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ኳስ በነካ ቁጥር ከተመልካቹ የሚደርስበት ጩኸት ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ የሚገባ አልነበረም። ከዳተኛ ተባለ፤ ፖርት አደላይድም ሌባ ተባለ።

ግን ኖርዝ ሜልበርን ራሱ ማን ነው? በ1925 ወደ ቪክቶርያ ሊግ ገብቶ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል አንድ ዋንጫ ያልነካ ክለብ ነበር። በ1972 ሊጉ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ወደ ወደደበት ይሂድ የሚል ደንብ ሲያወጣ ኖርዝ ሜልበርን ጊዜ አላጠፋም። ባሪ ዴቪስን ከኢሴንደን፣ ዳግ ዌድን ከጂሎንግ፣ ጆን ራንታልን ከሳውዝ ሜልበርን አስኮብልሎ አመጣ። ሊጉ ደንግጦ በ1973 ደንቡን ሻረው፤ ሦስቱ ግን መጥተው ነበር። ሮን ባራሲንም አሠልጣኝ አድርጎ በ1975 የመጀመሪያውን ዋንጫ በላ። (ባራሲም ቢሆን በ1964 መጨረሻ ከሜልበርን ወደ ካርልተን ሲሻገር ብዙ ደጋፊ እንደ ሞተ ሰው አልቅሶለታል።) የዚህ ክለብ ደጋፊ በ2022 «ልጃችንን ሰረቁን» ሲል የአያቶቹን ታሪክ መርሳቱ ነው። ደግሞም ባዶ እጁን አልቀረም፤ በልዋጩ የዚያን ዓመት ምርጫ 2ኛና 3ኛ ተራ አግኝቶ ሃሪ ሺዝልንና ጆርጅ ዋርድሎውን መለመለ፤ ሺዝልም በ2023 ከጀማሪዎች ሁሉ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ።

ከልብ የምናዝነው ለሌላ ክለብ ነው። ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ በ2012 ሊጉን ሲቀላቀል ብዙ የምርጫ ተራ ስለተሰጠው የአገሩን ጎበዝ ልጆች ሰበሰበ፤ ሌሎቹም ያን ጊዜ አደላችሁለት ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ቴይለር አዳምስ በ2013፣ አዳም ትሬሎር በ2015 ወደ ኮሊንግውድ ሄዱ። ዴቨን ስሚዝ በ2017፣ ዲለን ሺል በ2018 ወደ ኢሴንደን ሄዱ። ቲም ታራንቶና ጃኮብ ሆፐር በ2022 አንድ ላይ ወደ ሪችመንድ ሄዱ። በ2019 ለፍጻሜ ደርሶ በዚሁ በሪችመንድ በ89 ነጥብ ተሸነፈ፤ ዋንጫ የሚባል ነገር ገና አልጨበጠም። በሄደ ቁጥር የምርጫ ተራ ይሰጠዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የምርጫ ተራ ማለት ሌላ የ18 ዓመት ልጅ ማለት ነው። ዘሩ ይመለስለታል፤ እሸቱን ሌላው ይበላዋል።

ወሳጁስ ይጠቀማልን? እዚህ ላይ ነው አርእስታችንን በጥያቄ ያደረግነው። ኮሊንግውድ ለትሬሎር ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራ ከፈለ፤ አምስት ዓመት አጫውቶት ውሉ ገና ብዙ ዓመት እየቀረው በ2020 መጨረሻ ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ ገፋው፤ ከደመወዙም ከፊሉን መክፈሉን ቀጠለ። የራሱን ተቀናቃኝ ተጫዋች በራሱ ገንዘብ ቀለበ ማለት ነው! ትሬሎርም የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው በሚኖሩበት በፉትስክሬይ ሠፈር ክለብ ተደላድሎ በ2024 ከአገሩ ምርጦች ቡድን ተመደበ። ካርልተንም እንዲሁ በ2007 መጨረሻ ክሪስ ጀድን ከዌስት ኮስት አመጣ፤ ጀድ በ2010 ሁለተኛውን ብራውንሎ ወሰደ፤ ለካርልተን ግን ዋንጫ አላመጣለትም። በልዋጩ የተሰጠው ገና ብዙም ያልታወቀው ጆሽ ኬኔዲ በዌስት ኮስት ከ700 በላይ ጎል አገባ፣ በ2018ም ዋንጫ አነሣ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀን የዴይን ቢምስ ነገር ነው። በ2014 መጨረሻ ብሪዝበን ቢምስን ከኮሊንግውድ ሲወስድ ጃክ ክሪስፕ የሚባል ወጣት እንደ ምራቂ ተጨምሮ ተሰጠ። ቢምስ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ኮሊንግውድ ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ ጨዋታ ተወ። ምራቂው ግን ዓመት ከዓመት አንድ ጨዋታ ሳያመልጠው ቆይቶ በ2023 የኮሊንግውድን ዋንጫ ካነሡት አንዱ ሆነ። መልማዮቹ ያን ዕለት ማንን እየመረጡ እንደነበር ራሳቸውም አላወቁም።

የሰው ወርቅ ፈጽሞ አያደምቅም እንዳንል ግን ብሪዝበን ራሱ ይከለክለናል። ላቺ ኒል በ2011 በምርጫው 58ኛ ተብሎ ፍሪማንትል የገባ ልጅ ነበር፤ በ2018 መጨረሻ ወደ ብሪዝበን መጥቶ የ2020ን እና የ2023ን ብራውንሎ ወሰደ። በ2022 መጨረሻ ጆሽ ደንክሊ ከዌስተርን ቡልዶግስ ተጨመረ። ብሪዝበን በ2024 እና በ2025 ዋንጫ በላ። ነገር ግን በሁለቱም ፍጻሜዎች የዕለቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው ማን ነበር? የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ልጅ፣ በአባት ወግ የገባው ዊል አሽክሮፍት። የመጣው ወርቅ ያደመቀው ቤት ውስጥ የተሠራ ወርቅ ስለነበረ ይመስለናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የጀማሪው የመጀመሪያ ውል ይርዘም፣ ልጁ አራት አምስት ዓመት ይታሰር የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ላልመረጠው ቤት ረዥም ውል ማስፈረም የፎስኪኒን ፍርድ በጓሮ በር መሻር ነው። ይልቁንስ ስምንቱ ዓመት ወደ አራት ይውረድ፤ ልጁ በ22 ዓመቱ በግልጽ፣ ስሙ ሳይጠፋ፣ ወደ ወደደበት ይሂድ። ወሳጁ ክለብ ደግሞ ለአሠልጣኙ ክለብ የሚገባውን ካሣ ይክፈል፤ ካሣውም የምርጫ ተራ ብቻ ሳይሆን ለሁለት ዓመት ያህል ከወሳጁ የደመወዝ ጣሪያ ተቀንሶ ለተነጠቀው የሚጨመር ገንዘብ ይሁን። ያን ጊዜ ሲድኒ ያለው ክለብ የቀሩትን ልጆች በደመወዝ ማቆየት ይችላል፤ ወሳጁም ሦስተኛውንና አራተኛውን ለመጥራት ኪሱን ይዳስሳል።

ባለጸጎቹ ሁሉን ይሰበስባሉ ለሚለን ጓደኛ መልሳችን አጭር ነው። ጣሪያው አለ፤ ኳሷም አንዲት ናት። ስድስት የመሐል ተጫዋች ገዝቶ ለስድስቱም በቂ ኳስ ያቀረበ ክለብ እስከ ዛሬ አላየንም። በ1971 መግቢያ ሪችመንድና ሴንት ኪልዳ ኢያን ስቴዋርትንና ቢል ባሮትን አንዱን ባንዱ ሲለዋወጡ ሁለቱም በአገሩ የተመሰከረላቸው የመሐል ተጫዋቾች ነበሩ። ስቴዋርት በዚያው ዓመት ለሪችመንድ ሦስተኛውን ብራውንሎ ወሰደ፤ ባሮት ሴንት ኪልዳ ውስጥ ሳይሞቀው ወጣ። ተጫዋች እንደ አሞሌ በየገበያው አንድ ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ አይደለም።

ይህን ስቴዋርትን ያነሣነው በሌላም ምክንያት ነው። የተወለደው ኩዊንስታውን በምትባል የታዝማንያ ከተማ ነው። ዳሬል ቦልዶክ፣ ፒተር ሃድሰን፣ ሮይስ ሃርትም ከዚያችው ደሴት የሄዱ ናቸው። ደሴቲቱ በትልቁ ሊግ የራሷ ክለብ ሳይኖራት ልጆቿን ለሜልበርን ክለቦች ስትገብር ኖራለች፤ «ዘረፋ» ብሎ የጮኸላት አልነበረም። አሁን 19ኛ ሆኖ በ2028 እንዲገባ የተፈቀደለት የታዝማንያ ክለብ መልማዮቹን አሰማርቶ በየደጁ መዞሩ አይቀርም፤ ከሁሉ አስቀድሞም የሚፈልገው ወጣት የመሐል ተጫዋች ነው። የሜልበርን ክለቦች ያን ጊዜ ሌባ መጣ ብለው ደጃቸውን ሲዘጉ፣ እኛ ስቴዋርትን በስንት ገዝታችሁት ነበር ብለን እንጠይቃቸዋለን።