ቁጥር ሲለወጥ ሰው ለምን ይጠፋል?

ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባ እንግዳ የሚፈልገውን ቤት በቁጥር አይጠይቅም። የእገሌ ቤት ወዴት ነው ብሎ በስም ይጠይቃል፤ ልጆችም እየመሩ ያደርሱታል። ባለቤቱ ሠፈር ቢለውጥ እንኳ እንግዳው ሜዳ ላይ አይቀርም። ይህን ማንሣታችን ባለፈው ክረምት በዚያው በሰሜን ተራሮች ግርጌ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ያየነው ነገር ስላሳሰበን ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ደባርቅ በሚገኝ ሰርቨር ተቀምጦ የዳባት ሠራተኞች በኢንተርኔት እየገቡ ይሠሩበታል። አንድ ሰኞ ጧት መዝገቡ አልከፈት አለ። ሲመረመር የኢንተርኔቱ ውል ሲታደስ ቋሚው የአይፒ አድራሻ በሌላ መተካቱ ታወቀ። ይህን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ከሳምንት በፊት ደርሶ በፋይል ውስጥ ተኝቷል! አሮጌው ቁጥር በየኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ የገባ ነበር፤ ያስገባውም ባለሙያ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። ከገጠር በእግራቸው የመጡ ባለጉዳዮች ሁለት ቀን በብርድ ተቀምጠው ዋሉ። አንድ ሸበቶ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ «ልጆቼ፥ ቤታችን እዚሁ ቆሞ ሳለ እንዴት ነው የጠፋነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቁጥሩ የአቅራቢው ነው፤ ደንበኛው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ መሠረት ቁጥሩ ሁሉ ቢደመር 4,294,967,296 ስለሆነ ከዓለም ሕዝብ ያንሳል። የዓለሙ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2011 ባዶ ሆነ፤ ሞሪሸስ ተቀምጦ ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክም ከ2020 ወዲህ የሚሰጠው እየቆነጠረ ነው። በአገራችንም ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አቅራቢ መለወጥ የሚያምረው ሰው አይታጣም፤ ቁጥሩ ግን አብሮት አይሄድም። አንዳንድ ወጣቶች አዲሱ ረዥም የአይፒ ቁጥር ይህን ሁሉ ያስቀራል ይሉናል። እኛ አይመስለንም፤ ቤቱ ቢበዛም ኪራዩ ኪራይ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ቁጥሩን የለወጠው ድርጅት ሳይሆን ቁጥሩን እንደ ስም የያዘው መሥሪያ ቤት ነው። ዲኤንኤስ የሚባለው የስም መዝገብ የተፈጠረው ለዚሁ ነበር፤ ሠራተኛው ስም ይጠራል፥ መዝገቡም ስሙ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳደረ ይነግረዋል። ለውጡ ሲቃረብ የመዝገቡን የመታሰቢያ ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ አምስት ደቂቃ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደንበኞች አሮጌውን ቁጥር ይዘው ሲንከራተቱ ይውላሉ። ከተቻለም አሮጌውና አዲሱ ቁጥር ጥቂት ቀን ጎን ለጎን እንዲሠሩ አቅራቢውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የኢሜይል ሰርቨር ያለው ደግሞ ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰውን መዝገብ አቅራቢው እንዲያስተካክልለት ማመልከት አለበት፤ ይህ ሲዘነጋ ደብዳቤው በየደጁ ይመለሳል። ባንክም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት በቁጥሩ እያወቀ የሚያስገባን ከሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ቢሆንም ሐሙስ ዕለት ልንሰናበት ስንገባ አዲሱ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በየኮምፒዩተሩ ግንባር ተለጥፎ አገኘነው።