«ሁለት ሰው የቀረው!»

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ መናኸሪያ ረዳቱ «አዲስ አበባ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮኽ ገብተን ብናይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ይዋሽ እንጂ ወንበሩን ቆጥረን እንወርዳለን።

እኔ ግን በቀደም ለአንድ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ማመልከቻ ስልክ፣ ክቧ ምልክት ሃያ ደቂቃ ዞረች። የቆመ መስሎኝ ደግሜ ተጫንኩ፤ «ሁለት ጊዜ አመልክተሃል» ተብዬ ከዝርዝሩ ተሰረዝኩ። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

ከባድ ሥራ ከጀርባ በወረፋ መሠራቱ ደግ ነው። ታዲያ ድረ ገጹ ወዲያው «ተቀብያለሁ» ብሎ (የዚህ ኮዱ 202 ነው) የሥራ ቁጥር ይስጠን፤ የጀርባው ፕሮግራም ከስንቱ ስንቱን እንደ ጨረሰ በዳታቤዝ ይመዝግብ፤ ገጹም በየጥቂት ሴኮንዱ እየጠየቀ ያሳየን። ደግሞ ቢጫኑትም በዚያው ቁጥር ይወቀን። 99 ከመቶ ላይ ሰዓት ሙሉ የሚገተር መስመርማ የረዳቱ ጩኸት ነው፤ ያውም ወንበሩን የማንቆጥርበት።