የሞተር ቅየራ፦ የአሮጌ ተሽከርካሪ ዕድሜ ማራዘሚያ ወይስ ያልተቆጠረ ዕዳ?

ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ይፋ አድርጋለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2020 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። የሁለቱ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከባለቤቱ ጋር የሚቆይበት ዘመን ረዝሟል። የኃይል መሙያ ጣቢያ ባልተዘረጋባቸው ሩቅ ወረዳዎች ለሚሠራ ሰው ጥያቄው «የትኛውን መኪና ልግዛ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህንን መኪና በየትኛው ሞተር ላቆየው?» ወደሚል ተሸጋግሯል።

የጥያቄው አንዱ መልስ ያለው በባሕረ ሰላጤው ነው። የሻርጃ ያገለገሉ መለዋወጫዎች ገበያ ወደ አፍሪካ ለሚላኩ ሞተሮች ከታወቁ መነሻዎች አንዱ ነው። በዚህ ገበያ ዘወትር ከሚፈለጉት መካከል ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሞተሮች ይገኙበታል።

ተፈላጊነታቸው ምክንያት አለው። በእንዲህ ያለ ሞተር ፒስተኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ የፊተኛው ከኋለኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር። የአንዱ ጥንድ ግፊት በሌሎቹ ስለሚመጣጠን ንዝረቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው። የሲሊንደር ክዳኑም አንድ ብቻ በመሆኑ ሁለት ክዳን ካለው ቪ ቅርጽ ሞተር ይልቅ ለጠጋኝ ይቀላል። ሞተሩ ረጅም ስለሆነ በአግድም ለመግጠም ያስቸግራል፤ የፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ሲበዙ በርካታ አምራቾች የተዉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በባሕረ ሰላጤው የቅየራው ፍላጎት በአብዛኛው ከጉልበት ጋር የተያያዘ ነው። የኒሳን ፓትሮል 4.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር ተርቦ ተጨምሮበት እንደ ሊዋው ሞሪብ ያሉ የአሸዋ ኮረብታዎችን ለመውጣት ሲውል ይታያል። በኢትዮጵያ ግን የሚፈለገው ጽናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የተገጠመው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ እንጂ በኮምፒውተር አይደለም። ከከተማ ርቆ ቢበላሽ በተራ መሣሪያ ሊጠገን ይችላል። ፋብሪካው ይህን ሞተርና የቀድሞውን 3.4 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ የላንድ ክሩዘር ትውልድ ውስጥ መጠቀሙም የትናንሹን ባለቤቶች ወደ ትልቁ እንዲመለከቱ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ የሞተሩ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር ከአራቱ ይረዝማል፣ ይከብዳልም። የራዲያተሩ ቦታ፣ የሞተሩ መቀመጫ እና የዘይት ቋቱ ከፊት አክስል ጋር ያለው ርቀት በቅድሚያ ሊለኩ ይገባል። የፊቱ ክብደት ሲጨምር ሞላና አሞርዛተር፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን አብሮ መጠናከር አለበት። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አዲሱን ጉልበት ካልቻሉ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው መንገድ ላይ ይቀራል። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ያለ ኮምፒውተሩና ያለ ሽቦው የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ከብረት ክምር የሚለየው ጥቂት ነው።

የነዳጁም ሒሳብ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀምሯል። ከ3.4 ወደ 4.2 ሊትር የሚያድግ ባለንብረት የመኪናውን ዕድሜ ቢያተርፍ እንኳ በየማደያው የሚከፍለውን መዘንጋት የለበትም። ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ወይም ዳገት ለሚበዛበት መንገድ ልዩነቱ ሊካስ ይችላል፤ ለከተማ ምልልስ ግን ነባሩን ሞተር ማደስ ሳይሻል አይቀርም።

ከሁሉም በላይ የሕግ ጥያቄ ይነሳል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ በመሆኑ ያልተመዘገበ ቅየራ በሽያጭ፣ በምርመራ ወይም በአደጋ ጊዜ ባለቤቱን ያጋልጣል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የትራፊክ ደንብ ያለፈቃድ ሞተር ወይም ሻንሲ መለወጥ 1 ሺህ ድርሃም ቅጣት፣ 12 ጥቁር ነጥብ እና የ30 ቀን የመኪና እገዳ እንዲያስከትል ተደንግጓል። እንዲህ ያለው ጥብቅነት የሚመነጨው የተለወጠ ሞተር የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚሳፈረውንና በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ በመሆኑ ነው።

በመሆኑም ለቤተሰብ መኪና ሞተር እንዲልኩ የሚጠየቁ የባሕረ ሰላጤው ነዋሪዎች ከዋጋው በፊት ሰነዱን ሊመለከቱ ይገባል። የሞተሩ ቁጥር የሚነበብ፣ የግዢው ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀቱ የተሟላ መሆን አለበት። ምንጩ ያልታወቀ ሞተር ርካሽ ቢመስልም ለዓመታት የተጠራቀመ ላብ ውጤት የሆነን ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል።

የመንግሥታት ድርሻም ቀላል አይደለም። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከል አስቀድሞ የገባውን ከመንገድ አያስወጣውም። አሮጌው መኪና ለዓመታት መሥራቱ የማይቀር ከሆነ ጋራዦች በግልጽ የሚሠሩበት፣ የተቀየረ ሞተር ከነፍሬኑ የሚመረመርበትና በወቅቱ የሚመዘገብበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ያ ካልሆነ ቅየራው መቀጠሉ አይቀርም፤ የሚቀጥለው ግን ከሕግ ዐይን ውጭ ይሆናል፤ ዕዳውም በመንገድ ላይ ይከፈላል።