ቀጭኔ የሁሉም ነው፤ ፀሐይ ግን ባለቤት አላት

ከባምባሲ አንዲት አያት ጥያቄ ልከውልናል። የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሥዕል ይወዳል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያያትን ቀጭኔ ሲስላት የሰፈሩ ልጆች ይሻሙበታል። አሁን አንድ ነጋዴ ሥዕሉን ካናቴራ ላይ አሳትሞ ሊሸጥና ለልጁም ከትርፉ ሊያካፍለው ይፈልጋል። «ልጁ በገዛ እጁ ከሳለው ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

እጁ የልጁ ቢሆንም ምስሉ የሌላ ሰው ነው። የ6 ዓመቷን ቀጭኔ ፀሐይን የፈጠሯት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቻቸው በዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የሚሰጠው ለባለመብቱ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ለራሱ ቢስላት ችግር የለም፤ አዋጁ ለግል ጥቅም የሚደረግን ቅጂ ይፈቅዳል። ካናቴራው ገበያ ከወጣ ግን ነገሩ የግል መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ከባለመብቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

«የድሮዎቹን የውጭ ምስሎችስ?» የሚሉም አሉ። ሚኪ ማውስ የታየበት የ1928ቱ ፊልም በአሜሪካ የቅጂ መብቱ አብቅቶ ከ2024 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ሆኗል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክፍት የሆነው ግን የጥንቱ ሚኪ ብቻ ነው። በቅርብ ዘመን የተሠሩት ምስሎችና የንግድ ምልክቱ አሁንም የዲስኒ ናቸው። የንግድ ምልክት ደግሞ ስላረጀ ብቻ አይቀርም፤ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ይቀጥላል።

ታዲያ ልጁ እርሳሱን ይጣል? በፍጹም። ሕጉ የሚጠብቀው አንድ ሰው የፈጠረውን ምስል እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ቀጭኔ መሳል ለማንም አልተከለከለም። እርስዎ ማታ ማታ ከሚነግሩት ተረት ጅቡንና ዝንጀሮዋን በራሱ መልክ ይሳላቸው፤ ስምም ያውጣላቸው። የራሱ ፈጠራ ሆኖ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ያለ ምዝገባም መብቱ የእሱ ነው፤ የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቅለታል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ቀን ጽፈው ያስቀምጡለት። ማስረጃውን ማጠናከር ከፈለጉ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል። ሥዕሉን የሚፈልግ ነጋዴ ሲመጣም ዋጋውና የሚታተመው ብዛት በውል ይጻፍ፤ ልጁ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ይፈርሙለት።